ቀረጻውን በቤት ማስቀመጥ፦ የደኅንነት ካሜራ ሰርቨር በነጻ ሶፍትዌር

የደኅንነት ካሜራ ሁለት ሥራ አለው፤ አንደኛው ማየት፣ ሁለተኛው ያየውን ማስቀመጥ ነው። ካሜራ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያጣራው የመጀመሪያውን ነው፤ ምስሉ ጥራት እንዳለው፣ በጨለማ እንደሚያይ፣ ከአጥሩ እስከ ሳሎኑ በር ያለውን ቦታ እንደሚሸፍን ይጠይቃል። ቀረጻው የት እንደሚቀመጥ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይና ሊከፍተው የሚችለው ማን እንደሆነ የሚጠየቀው ግን ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ፣ ዕቃ ከጠፋ በኋላ ነው። ይህ ዝግጅት በሁለተኛው ሥራ ላይ የሚያተኩር ሲሆን፣ አንድ ቤተሰብ በአንድ ተራ ኮምፒውተርና በነጻ ሶፍትዌር አማካይነት የቤቱን ቀረጻ በራሱ ሥልጣን ሥር ለማድረግ ምን ማወቅ እንደሚያስፈልገው ያብራራል።

ለመኖሪያ ቤት የታሰበ የካሜራ ጥበቃ ታሪክ ብዙውን ጊዜ እ.ኤ.አ. ከ1966 ይጀመራል። በኒውዮርክ ከተማ፣ በኩዊንስ ትኖር የነበረችው ነርስ ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን ከባለቤቷ ከአልበርት ብራውን ጋር ሆና በዚያ ዓመት የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገባች፤ ማረጋገጫውንም እ.ኤ.አ. በ1969 አገኙ። ሥርዓታቸው በበሩ ላይ በተለያየ ቁመት በተከፈቱ አራት ቀዳዳዎች መካከል ከፍና ዝቅ የሚል ካሜራ፣ ምስሉን በመኝታ ክፍል የሚያሳይ ቴሌቪዥን፣ በር ላይ ከቆመው ሰው ጋር የሚያነጋግር ማይክሮፎንና በሩን ከሩቅ የሚከፍት መቆጣጠሪያ ነበረው። በዚያ ሥርዓት ደጃፉን የሚያየው የቤቱ ሰው ነበር፤ ምስሉን በመንገድ ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ሦስተኛ ወገን አልነበረም።

ዛሬ በገበያ ላይ ያሉ ብዙ ካሜራዎች ግን ቀረጻቸውን በኢንተርኔት በኩል ወደ ኩባንያቸው ኮምፒውተሮች ይልካሉ፤ ይህ አሠራር በተለምዶ ክላውድ ይባላል። ምቾቱ አይካድም፤ ካሜራው ከካርቶኑ ወጥቶ ከስልክ ጋር በደቂቃዎች ውስጥ ይገናኛል። ይሁን እንጂ አገልግሎቱ ብዙውን ጊዜ ወርሃዊ ክፍያ የሚጠይቅ ሲሆን ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ይሆናል፣ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ቀረጻውም ይቋረጣል፣ ኩባንያው አገልግሎቱን ቢዘጋ ደግሞ ደህና የነበረው ካሜራ ከጥቅም ውጪ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚከብደው የብዙ ሺህ ደንበኞች ምስል በአንድ ቁልፍ ሥር መሰብሰቡ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ቨርካዳ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላይ በደረሰው ሰርጎ ገብነት፣ የአንድ ከፍተኛ አስተዳዳሪ መግቢያ በሌላ ሰው እጅ በመግባቱ ብቻ በሆስፒታሎች፣ በእስር ቤቶችና በትምህርት ቤቶች የተተከሉ ወደ 150,000 የሚጠጉ ካሜራዎች ለማይመለከታቸው ሰዎች ተጋልጠዋል።

አማራጩ ሰርቨሩን በቤት ማቋቋም ነው። ሰርቨር ማለት ለሌሎች መሣሪያዎች አገልግሎት ለመስጠት ሌት ተቀን ሳይጠፋ የሚሠራ ኮምፒውተር ሲሆን፣ በዚህ ጉዳይ አገልግሎቱ ከካሜራዎቹ የሚመጣውን ቪዲዮ መቀበል፣ መመርመር፣ ማስቀመጥና ሲፈለግ ማሳየት ነው። ነጻ ሶፍትዌር የሚባለው ደግሞ ተጠቃሚው ፕሮግራሙን ለፈለገው ዓላማ የማሠራት፣ የተጻፈበትን ኮድ የማየትና የመለወጥ፣ ቅጂውን የማካፈልና ያሻሻለውን የማሠራጨት መብት በፈቃድ ሰነዱ የተረጋገጠለት ሶፍትዌር ነው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት ይፋ ካደረገ፣ ሊነስ ቶርቫልድስም በ1991 ሊኑክስ የተባለውን የሥርዓተ ክወና እምብርት ካወጣ ወዲህ ይህ ዓይነቱ ሶፍትዌር የዓለምን ሰርቨሮች አብዛኛውን ክፍል ተሸክሟል። ለቤት ካሜራ ያለው ልዩ ጥቅም ኮዱ ለምርመራ ክፍት መሆኑ ነው፤ የቤተሰብን ገመና የሚያይ ፕሮግራም ምስሉን ወዴት እንደሚልክ ማንም ዕውቀቱ ያለው ሰው ሊያረጋግጥ ይችላል።

ከእነዚህ ፕሮግራሞች መካከል በዕድሜ አንጋፋ ከሚባሉት አንዱ ዞንማይንደር ነው። ጀማሪው ፊሊፕ ኩምብስ ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከጋራዡ የሥራ መሣሪያዎች ከተሰረቁበት በኋላ ነው። ፕሮግራሙ በሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ የቀረጻዎቹን መዝገብ ማሪያዲቢ በተባለ የመረጃ ቋት ይይዛል፣ ገጹንም በማንኛውም የኢንተርኔት ማሰሻ ያሳያል። ከእሱ ሌላ ቀለል ያለ ሥራ ላላቸው ሞሽንአይ፣ ሰውን ከመኪናና ከእንስሳ ለመለየት ለሚፈልጉ ደግሞ ብሌክ ብላክሺር የጀመረው ፍሪጌት ይገኛሉ። ፍሪጌት በተማረ የማሽን ዕይታ ስለሚሠራ በጣም ብቁ ነው፤ ሆኖም በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያለ ተጨማሪ የስሌት ማፋጠኛ በደንብ እንዲሠራ መጠበቅ አይገባም። እጅግ አዲስ ያልሆነ ኮምፒውተር ላለው ቤተሰብ ዞንማይንደር የተሻለ መነሻ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚነገረውም በእሱ ላይ ይመሠረታል።

ካሜራ ሲመረጥ ከምስል ጥራት በፊት መጣራት ያለበት ካሜራው ቪዲዮውን ለማንኛውም ፕሮግራም ክፍት በሆነ ቋንቋ መስጠት አለመስጠቱ ነው። አርቲኤስፒ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የቪዲዮ ማስተላለፊያ ደንብና፣ አክሲስ፣ ቦሽና ሶኒ በ2008 የመሠረቱት ኦንቪፍ የተባለው የካሜራዎች መግባቢያ ለዚህ የተዘጋጁ ናቸው። በራሱ ኩባንያ የስልክ መተግበሪያ ብቻ የሚሠራ ካሜራ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ለቤት ሰርቨር አይሆንም፤ ስለዚህ ገዢው ካሜራው አርቲኤስፒን ይደግፍ እንደሆነ ሻጩን መጠየቅና ከተቻለም በሱቁ ውስጥ ሠርቶ እንዲያሳየው ማድረግ ይገባዋል። ካሜራውን ከሰርቨሩ ጋር ለማገናኘት ዋይፋይ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የብሎኬትና የኮንክሪት ግድግዳ ምልክቱን ስለሚያዳክመው፣ ሆን ብሎ በሚያውክ ሰውም ሊታፈን ስለሚችል ኬብል መዘርጋት ይመረጣል። ፒኦኢ የሚባለው አሠራር ኤሌክትሪኩንም ቪዲዮውንም በአንድ የኔትዎርክ ኬብል ስለሚያስተላልፍ እስከ 100 ሜትር ርቀት ድረስ ለካሜራው የተለየ የኤሌክትሪክ መስመር መሳብ አያስፈልግም።

የሥርዓቱ ዋና ወጪ የሚወሰነው በሃርድ ዲስኩ መጠን ነው፤ ይህም በቀላል ስሌት ይታወቃል። ኤች 264 በተባለው የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ የሚሠራ አንድ ካሜራ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ቢልክ፣ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ በሴኮንድ ግማሽ ሜጋባይት፣ በሰዓት 1.8 ጊጋባይት፣ በቀን 43.2 ጊጋባይት ይሆናል። አራት ካሜራዎች በቀን 172.8 ጊጋባይት ይሞላሉ፤ 2 ቴራባይት ዲስክም አሥራ አንድ ቀን ተኩል ያህል ይይዛል ማለት ነው። ቤተሰቡ ወደ ክፍለ ሀገር ሄዶ ሁለት ሳምንት ቢቆይ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተፈጸመ ነገር ሲመለስ ተሰርዞ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤች 265 ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ምስል እስከ ግማሽ በሚደርስ መጠን ሊቀንስ ይችላል፤ ይሁንና ሁሉም ማሰሻዎች ስለማያጫውቱት አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል። ቀረጻው ያለማቋረጥ የሚጻፍ በመሆኑም ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ዲስክ መግዛት፣ ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም፣ ይበጃል። ዲስኩ ሊሞላ ሲል አሮጌውን ቀረጻ የሚሰርዝ ማጣሪያ በዞንማይንደር ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ ማጣሪያው መሥራቱን ሳያረጋግጡ ሰርቨሩን ትቶ መሄድ ግን ዲስኩ ሲሞላ ቀረጻው ሳይታወቅ እንዲቆም ያደርጋል።

ሌላው መንገድ እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ መቅዳት ነው። ፕሮግራሙ ተከታታይ ምስሎችን ያነጻጽርና የተለወጡት ነጥቦች ከተወሰነ መጠን ሲያልፉ ክስተት ብሎ ይመዘግባል። አሠራሩ በንግግር ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት የሚጠይቀው የሥራው ክፍል ይህ ነው፤ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ የሚያየው የብርሃን ለውጥን እንጂ ሌባን አይደለም። ነፋስ ያወዛወዘው ቅጠል፣ የመኪና መብራት በግድግዳ ላይ ሲያልፍ፣ የክረምት ዝናብ፣ ማታ በሌንሱ ፊት የሚበር ነፍሳትና ሌንሱ ላይ ያደራ ሸረሪት ሁሉ ክስተት ሆነው ይመዘገባሉ። ስለዚህ ባለቤቱ በምስሉ ላይ ዞኖችን ይሥላል፤ በሩንና የመኪና ማቆሚያውን የሚከታተል ዞን፣ ዛፉን እንዲተው የሚያደርግ ዞን፣ እንዲሁም የጎረቤትን መስኮት ጨርሶ የሚያጠቁር የግላዊነት ዞን ማበጀት ይቻላል። አንዱ ዞን መላውን ምስል በአንድ ጊዜ የሸፈነ ለውጥ ሲያይ ክስተቱን እንዲሰርዝ ተደርጎ ሊዘጋጅ ይችላል፤ ደመና ፀሐይን ሲሸፍን ወይም የግቢ መብራት ሲበራ የሚፈጠረው ለውጥ በዚህ ይወገዳል። የልኬቱ ትክክለኛነት በቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይገኝም፤ አንድ ሰው በቀንና በሌሊት በግቢው ውስጥ እየተመላለሰ፣ ሌላው በኮምፒውተሩ ላይ የተመዘገበውን እየተከታተለ ለብዙ ቀናት መስተካከል ይኖርበታል። በዋናው በር አቅጣጫ ያለውን ካሜራ ያለማቋረጥ እንዲቀዳ፣ ሌሎቹን በእንቅስቃሴ ብቻ እንዲቀዱ ማድረግ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ጽንፎች ይሻላል፤ እንቅስቃሴን የሚያውቅ ፕሮግራም አንድ ቀን ይስታልና።

የኮምፒውተሩ አቅም የሚፈተነውም በዚሁ ምርመራ ነው። አንድ 1920 በ1080 ነጥብ ያለው ምስል ታምቆ ሲመጣ ትንሽ ቢሆንም፣ ለማነጻጸር ሲዘረጋ እያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ስለሚይዝ ወደ 8.3 ሜጋባይት ይደርሳል። ዞንማይንደር ከክስተቱ በፊት የነበሩትን ቅጽበቶች ጭምር ለማስቀመጥ ምስሎችን በራም፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ፣ ላይ ስለሚያቆይ፣ ለአንድ ካሜራ 40 ምስል ቢያዝ 330 ሜጋባይት ያህል፣ ለአራት ካሜራ ከ1.3 ጊጋባይት በላይ ይፈልጋል። መፍትሔው አብዛኞቹ ካሜራዎች ከዋናው ቪዲዮ ጎን የሚሰጡትን አነስተኛ ቪዲዮ ለምርመራ መጠቀም ነው፤ 640 በ360 ነጥብ ያለው ምስል ከትልቁ ዘጠኝ እጥፍ ያንሳል፣ አንድ ሰው መግባቱን ለማወቅ ግን ይበቃል። ትንሹ ቪዲዮ እንቅስቃሴ ሲያይ ትልቁ እንዲቀዳ ሁለቱን ማያያዝ ይቻላል፤ ትልቁም ዳግመኛ ሳይታመቅ ከካሜራው እንደመጣ ወደ ዲስኩ ከተጻፈ ፕሮሰሰሩ እጅግ ይቀለዋል። በዚህ አደራደር 8 ጊጋባይት ራም ያለው፣ ከቢሮ አገልግሎት የተገላገለ ዴስክቶፕ ለአራት ካሜራ ብቁ ነው።

የመጫኑ ሥራ ራሱ ረጅም አይደለም። እንደ ዴቢያን ያለ የሊኑክስ ሥርጭት ያለ ግራፊክ ገጽታ ይጫናል፣ ዞንማይንደር ከሥርጭቱ የሶፍትዌር ማከማቻ ይወርዳል፣ የቀረጻ ማስቀመጫው ከሲስተሙ ተለይቶ በራሱ ዲስክ ላይ ይደረጋል፣ ለእያንዳንዱ ካሜራም የማይለወጥ አይፒ አድራሻ ይሰጠዋል።

የሰዓት ጉዳይ ግን ልዩ ትኩረት ይፈልጋል፤ ሰዓቱ ያልተስተካከለ ቀረጻ በማስረጃነቱ ላይ ጥያቄ ይነሣበታልና። ካሜራዎቹ፣ በኋላ እንደሚነገረው፣ ከኢንተርኔት ተለይተው ስለሚሠሩ ሰዓታቸውን ከሰርቨሩ እንዲወስዱ፣ ሰርቨሩም ኤንቲፒ በተባለው ደንብ ከዓለም አቀፍ የሰዓት ምንጮች እንዲያስተካክል ይደረጋል፤ የሰዓት ቀጠናውም የአዲስ አበባ ሆኖ በሊኑክሱ፣ በመረጃ ቋቱና በፕሮግራሙ ገጽ ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በኢትዮጵያ ለሚኖር ተጠቃሚ ሌላም ጥንቃቄ ይጨመራል። ሰርቨሩ 20:30 ብሎ የጻፈው ከምሽቱ 2:30 ነው፤ ቀኑንም የሚለውጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ ሰው ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚለው በኮምፒውተሩ መዝገብ የማክሰኞ 02:00 ሆኖ ይገኛል። የዘመን አቆጣጠሩም ልዩነት ሲጨመርበት፣ በምስክር ቃልና በቀረጻ መካከል የሌለ ተቃርኖ እንዳለ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ቀረጻን ለፖሊስ የሚያስረክብ ሰው ቀኑንና ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ ማያያዝ አለበት።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውም አስቀድሞ መታሰብ አለበት፤ ጨለማው ለሌባ አመቺ የሚሆነው ያን ጊዜ ነውና። ሰርቨሩን ብቻ ከዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል ከሚሰጥ መሣሪያ፣ ጋር ማገናኘት አይበቃም፤ ካሜራዎቹና የሚያገናኛቸው ስዊች ከጠፉ ሰርቨሩ የሚቀዳው ነገር የለውም። የፒኦኢ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ ስዊቹ ከባትሪው ከተገናኘ ካሜራዎቹ ሁሉ አብረው ይሠራሉ። ሰርቨሩ፣ ስዊቹና አራት ካሜራዎች በድምሩ 80 ዋት ቢፈልጉ፣ ባለ 12 ቮልትና ባለ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሽ ኃይሉን ብቻ ቢሰጥ 600 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ የኢንቨርተሩ ብክነት ሲቀነስ ወደ 6 ሰዓት ገደማ ያቆያል። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተሩን በሥርዓት የሚዘጋ ኔትዎርክ ዩፒኤስ ቱልስ የተባለ ነጻ ፕሮግራም አለ፤ የመረጃ ቋቱ በድንገተኛ መቋረጥ እንዳይጎዳ እሱን መጫን ያስፈልጋል። በኮምፒውተሩ ባዮስ ውስጥም ኤሌክትሪክ ሲመለስ በራሱ እንዲነሣ የሚያደርገው አማራጭ መመረጥ አለበት፤ ቤቱ ውስጥ ሰው በሌለበት ጊዜ ሰርቨሩን የሚያስነሣው ይህ ብቻ ነው።

ሰርቨሩ በሌባው ሊወሰድ ይችላል የሚለው ስጋት እውነተኛ ነው። ሣጥኑን ከቴሌቪዥኑ ሥር አንሥቶ አየር በሚያገኝ ስውር ቦታ ማስቀመጥ፣ የክስተት ቀረጻዎችንም ቅጂ በሌላ ቤት ወዳለ የዘመድ ኮምፒውተር መላክ ጉዳቱን ይቀንሳል። ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ መቆለፍም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ቁልፉ በየመነሻው በሰው እጅ መግባት ካለበት መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ቀረጻው ሰው እስኪመጣ ይቆማል። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ሰፈር የቀረጻው መቀጠል ስለሚበልጥ፣ ቁልፉን ትቶ ሣጥኑን በብረት ማሰር የተሻለ ውሳኔ ነው።

የኔትዎርኩ ጥበቃ ከዚህ ያልተናነሰ ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም የመግቢያ ስማቸውና የይለፍ ቃላቸው ከፋብሪካ እንደመጣ ያልተለወጠ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን ከ60 በላይ የታወቁ ጥምረቶችን እየሞከረ ተቆጣጠረ፤ ጥቅምት 21 ቀን በዚያው ዓመት እነዚህ መሣሪያዎች ዳይን በተባለው፣ የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አድራሻ በሚተረጉም አገልግሎት ሰጪ ላይ ባዘነቡት ጥያቄ ምክንያት ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለሰዓታት ተስተጓጉለዋል። ባለቤቶቹ ካሜራቸው የሌላ ሰው መሣሪያ መሆኑን አላወቁም ነበር። ከዚህ የሚገኘው መመሪያ ግልጽ ነው፤ የእያንዳንዱ ካሜራ የይለፍ ቃል በመጀመሪያው ቀን ይለወጣል፣ ካሜራዎቹ ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጡ በራውተሩ ላይ ይታገዳሉ፣ የሰርቨሩም ገጽ ለሕዝብ ኢንተርኔት አይከፈትም። በዱባይ ወይም በዋሽንግተን የሚኖር የቤተሰብ አባል የወላጆቹን ግቢ ማየት ቢፈልግ በቪፒኤን፣ ማለትም ሁለት ቦታዎችን በምስጢር በተቆለፈ የኢንተርኔት መስመር በሚያገናኝ ዘዴ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ጀምሮ በሊኑክስ እምብርት ውስጥ የተካተተው ዋየርጋርድ ለዚህ ተስማሚና ቀላል ነው።

ቀረጻውን በእጁ ያስገባ ቤተሰብ ኃላፊነቱንም አብሮ ይረከባል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት ያስከብራል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰዎች መረጃ የሚያዝበትን ሥርዓት ደንግጓል። በአውሮፓ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 የሰጠው ውሳኔ ቀጥተኛ ትርጉም አለው፤ አንድ የቼክ ነዋሪ በቤቱ ላይ የተከለው ካሜራ የሕዝብ መንገድን ጭምር ይቀዳ ስለነበር፣ ቀረጻው ቤቱን ያጠቁ ተጠርጣሪዎችን ለመለየት የረዳ ቢሆንም እንኳ፣ ጉዳዩ ከመረጃ ጥበቃ ሕግ ውጪ የሆነ የቤት ውስጥ ጉዳይ ብቻ ሊባል እንደማይችል ተወስኗል። ስለዚህ ካሜራው ወደ ግቢው አዘንብሎ ይተከላል፣ ከአጥር ውጪ ያለው በግላዊነት ዞን ይሸፈናል፣ ተከራይና እንግዳም ካሜራ መኖሩን በግልጽ ያውቃል። በቤቱ የምትሠራና የምታድር ሠራተኛ በምትተኛበት፣ በምትለብስበትና በምትታጠብበት ቦታ ካሜራ ማድረግ በማናቸውም ምክንያት ሊፈቀድ አይገባም፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ሠርተው የተመለሱ ብዙ እህቶች ያለማቋረጥ በካሜራ ሥር መዋል ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ጠንቅቀው ያውቁታል። ድምፅ መቅዳትንም መዝጋት ይገባል፤ ለጥበቃ የሚጨምረው ጥቂት ሲሆን የሰዎችን ጨዋታ ሁሉ ይሰበስባል።

አንድ ክስተት ለፖሊስ ወይም ለፍርድ ቤት ሲፈለግ የመጀመሪያው እርምጃ ማጣሪያው እንዳይሰርዘው ክስተቱን በማኅደር መያዝ ነው። ከዚያም ቪዲዮው ሳይቆረጥና ሳይለወጥ ከሰርቨሩ ይወርዳል፣ ፋይሉ በኋላ መነካቱን የሚያሳውቀው የቁጥር አሻራ ይሠራለታል፣ አሻራውም ከካሜራው ቦታ፣ ከሁለቱ አቆጣጠር ሰዓትና ከአውራጁ ፊርማ ጋር በወረቀት ይያያዛል፤ ዋናው ቀረጻም ጉዳዩ እስኪዘጋ ድረስ በሰርቨሩ ላይ እንዳለ ይቆያል።